ስለሺ ያስቀራት እርምጃ

ስለሺ ስልክ ሲያነሳ «ሃሎ» አይልም። «ቀዩን ጽሑፍ አንብብልኝ» ነው የሚለው። ሰው ሁሉ የሚደውልለት የሒሳብ ሶፍትዌሩ ቀይ የስሕተት ጽሑፍ ሲያወጣበት ብቻ ስለሆነ ሰላምታ መለዋወጥ ካቆመ ቆይቷል። ደዋዩም ቅር አይለውም። እኔም ከደዋዮቹ አንዱ ነበርኩ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳይበላሽብኝ ደውዬለት አላውቅም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን ልጻፈው።

ቤቱ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጀርባ፣ ሽቅብ በሚወጣው ኮብልስቶን ላይ ነው። በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ በወጣ በዓመቱ ሚስቱ የዓለምወርቅ ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም። ያኔ የግቢው በር በገመድ ነበር የሚከፈተው፤ ጫፉ በበሩ ቀዳዳ ወደ ውጭ ወጥቶ ይንጠለጠላል፣ የመጣ ሰው ስቦ ይገባል። እስከ አርባዋ ድረስ ሰው ሲመላለስ ሰነበተ። ከአርባዋ በኋላ ሳሳ፣ ከሰማንያዋ በኋላ ጨርሶ ቀረ። አንድ ቀን ስለሺ ገመዱን ወደ ውስጥ ሳበና ጠቅልሎ እዚያው ተወው። ማን ሊስበው ነው?

የቀረው ስልኩ ነው። በቴሌግራም ላይ የሒሳብ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ግሩፕ አለን፤ ተማሪው፣ አስተማሪው፣ መሐንዲሱ ሁሉ እዚያ ነው። አንድ ሰው ሲጨንቀው «ለስለሺ ደውል» ይባላል። ምክሩ ደግሞ የዋዛ አይደለም። «ቀዩ ሲበዛ አትደንግጥ፣ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብብ» ይልሃል። «ትናንት ያሰላኸው ቁጥር ዛሬም በማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ያሳስትሃል፣ መጀመሪያ አጽዳ» ይልሃል። ታጸዳለህ፣ ይሠራል፣ ትመርቀዋለህ።

ግን ሁልጊዜ አንዲት እርምጃ ያስቀራል። እኔን አጽዳ አለኝ እንጂ «የማጽጃዋን ትእዛዝ በፕሮግራሙ ራስጌ ጻፋት፣ በየቀኑ ራሷ ታጸዳልሃለች» አላለኝም። ስለዚህ በማግስቱ ደወልኩ። በሳልስቱም ደወልኩ። የራሴ ድድብና መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰውየው አውቆ ነው። ሁሉን ከነገረህ ነገ አትደውልማ፤ ስለዚህ ጫፏን ሆድ ይፍጃት ብሎ ያስቀራታል። እሱ ክፋት አይደለም ይላል። እኔ ክፋት ነው ባይ ነኝ፤ ግን ስድስት ዓመት እንደ እሱ ምሳዬን ብቻዬን በልቼ ስለማላውቅ ብዙ አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ሊሚ ልምጣ። ሊሚ ለማስተርስ ዲግሪዋ የእንጦጦ ግርጌን ዝናብ የምታጠና ተማሪ ናት። መረጃዋ አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ ስምንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከዝናብ መለኪያ እያነበቡ በደብተር የጻፉት ነው። አዛውንቱ የጻፉት እንደ ማንኛችንም በአገራችን አቆጣጠር ነው። ሊሚም ቁጥሩን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችው። ከደዋዮቹ ሁሉ ስለሺን «ምሳ በሉ?» ብላ የምትጠይቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ሰኞ ዕለት ደወለች። ሶፍትዌሩ ቀኖቹን አላነብም ብሏታል። ፋይሉን ላከችለት፣ ከፈተው፤ በወሩ ዓምድ ላይ ዐሥራ ሦስት ቁጥርን ሲያይ ነገሩ ወዲያው ገባው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ ነው፣ ጳጉሜን ከየት ያውቃታል? ቀኑን እንደ ጽሑፍ ሲሰጡት ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ቀይ ያወጣል። ቀን፣ ወርና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለያይተው እንደ ቁጥር ሲሰጡት ግን ድምፁን ሳያሰማ ይቀበላል፤ ዐሥራ ሦስተኛውን ወር የሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ያደርገዋል። ጳጉሜ አንድ ቀን የዘነበው መስከረም አንድ ላይ ይቆለላል። ስለሺ ይህን ሁሉ ያውቃል።

«በሦስት ዓምድ ለያይተሽ ስጪው» አላት። ሰጠችው፣ ቀዩ ጠፋ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሽ ስለሺ፣ አዳኑኝ። አርብ እኮ ነው ፈታኞቹ ፊት የማቀርበው» አለች።

«በርቺ» ብሎ ዘጋ። ቀኑን ወደ ፈረንጅ መለወጥ እንዳለባት አልነገራትም። ነገ የመስከረምን ክምር አይታ ትደነግጣለች፣ ትደውላለች፣ ምሳ በሉ ትለኛለች ብሎ አሰበ። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳትን ልጅ ከሁሉ አብልጦ የጎዳት ለዚህ ነው።

ማክሰኞ አልደወለችም። ስልኩን ሽንት ቤት ድረስ ይዞት ገባ። ረቡዕ ጠዋት ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል ብሎ ከሱቁ ልጅ ስልክ ወደ ራሱ ደወለ፤ ጠራ። በምሳ ሰዓት ሸማኔዎቹ መወርወሪያቸውን ሲያስቀምጡ ቤቱ ጭር ይላል። ያን ጊዜ ነው የገባው። ስድስት ዓመት ሰው የደወለለት ቀይ እያየ ነው። ይህቺ ስሕተት ግን ቀይ የላትም፤ ሊሚ የሚያስደውላት ነገር አላየችም። ከነገ ወዲያ ፈታኞቹ ፊት ቆማ የሌለ ዝናብ ልታወራ ነው።

ደውሎ መንገር ነበረበት። ግን ስለሺ ለማንም አይደውልም፤ የሚደውል የቸገረው ሰው ነው ይላል። ረቡዕን በዚህ ኩራት አሳለፈው። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ኩራቱ አለቀበትና ደወለ።

«ጋሽ ስለሺ? ደህና ነዎት? ምን ተፈጠረ?» አለች ሊሚ፣ እሱ ደውሎላት ስለማያውቅ ደንግጣ።

«ሰንጠረዡን ክፈቺና ጳጉሜን ፈልጊልኝ።»

የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማው። ከዚያ ቆመ።

«የለችም... እ... ማለቴ፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ በጣም ብዙ ነው። እኔ እኮ የአዲስ ዓመት ሰሞን ዝናብ ከባድ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። መደምደሚያዬ እሱ ነው።»

«የጳጉሜ ዝናብ ነው እዚያ የተደረበው። ሰኞ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

«ሰኞ ያውቁ ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። ዕድሜ ነው፣ ረስቼው ነው ቢል ማን ይጠይቀዋል?

«አውቅ ነበር» አለ። «እንድትደውዪ ብዬ ነው ያስቀረሁት። ሌላ የሚደውልልኝ ሰው የለም።»

ሊሚ ስልኩን አልዘጋችውም።

«አርብ እኮ ነገ ነው» አለች።

«ይደርሳል። ወሩን ተዪውና ቀን ቁጠሪ። ከመጀመሪያው ዓመት መስከረም አንድ ጀምሪ፤ የእኛ ወር ሁሉ ሠላሳ ነው፣ ጳጉሜ ብቻ አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ለእያንዳንዱ መስመር ከዜሮ ጀምሮ የስንተኛነት ቁጥር ስጪው። ከዚያ መነሻዋን ቀን ብቻ ወደ ፈረንጅ ቀይሪያትና ቁጥሩን ጨምሪባት። ስትጨርሺ የተደገመ ቀን እንዳለ ፈትሺ፤ አንድም መኖር የለበትም።»

እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አብረው ሠሩት። የተደገመ ቀን አልተገኘም። «በቃ፣ ተስተካክሏል» ብላ ዘጋችው። አላመሰገነችም፤ ምሳ መብላቱንም አልጠየቀችም።

አርብ አልደወለችም። ቅዳሜ ስለሺ ቁጭ ብሎ የሚያውቀውን ምክር ሁሉ ጽፎ ግሩፑ ላይ ለጠፈው፤ አርባ አንድ ምክር፣ እያንዳንዱ ከነመጨረሻ እርምጃው። የእኔ ማጽጃም ዘጠነኛ ላይ ነበረች። ሳነበው ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ሳቅሁ፣ ከዚያ አውራ ጣት ምልክት አድርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መቼም የሰው ልጅ፣ መደወል ትዝ አላለኝም። ሌሎቹም እንደኔ ናቸው።

ስልኩ ዝም አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አልደወለም። «ከየዓለምወርቅ ሰማንያ በኋላ እንኳ እንዲህ አልነበረም» ብሎኛል ቆይቶ፣ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ። ያን ጊዜ ለካ የሚጠብቀው ነገር ነበረው፤ አሁን ግን የሚጠብቀውን በገዛ እጁ ጽፎ ጨርሶታል። ሸማኔዎቹ ምሳ ሲወጡ ሬዲዮ ይከፍት ጀመር፣ የሚሰማው ባይኖረውም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስልኩ ጠራ።

«ቀዩን ጽሑፍ አንብብልኝ» አለ ከልማዱ።

«ቀይ የለም» አለች ሊሚ። «አልፌያለሁ። ጥራዙ ታትሞ መጣ፣ አንዱን ላመጣልዎት ነው። አሁንም ተቀይሜዎታለሁ፣ ይወቁት። ግን ምሳዎን ከማን ጋር ነው የሚበሉት?»

«ከሬዲዮው ጋር» አለ ስለሺ።

«ቤትዎ የት ጋ ነው?» አለች።

«ከስድስት ኪሎ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዢ። ጋቢ መሸጫዎቹ ጋ ስትደርሺ ወራጅ በዪ።»

«እሺ።»

«ኮብልስቶኑን ሽቅብ ውጪ። ወፍጮ ቤቱን ስታልፊ በስተግራ ሦስተኛው አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነው።»

«ከዚያስ? ያስቀሩት የለም?»

በመስኮቱ አሻግሮ በሩን አየ።

«አንድ አለ» አለ። «በሩ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ገመድ ወጥቶ ታያለሽ። ማንኳኳት አያስፈልግሽም፣ ሳቢው።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ በሩ ሄደ። ገመዱ ተጠቅልሎ በኖረበት ዓመታት ደርቆ ጫፉ ተበትኗል፤ መርፌ ላይ ክር እንደሚያስገባ ሰው በምራቁ አርሶ አሾለውና በቀዳዳው ወደ ውጭ አሳለፈው። ከዚያ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ፣ ገመዱን ከውጭ አንድ ጊዜ ሳበው። በሩ ተከፈተ።