የናኢማ ድልድል

ናኢማ መሸነፍ ትችላለች፤ አሸንፋ መታማት ግን አትችልም። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ትሸጣለች። ቢላዋዋ ስል ነው፤ አንደበቷም ከቢላዋው አያንስም። ጎረቤቷ ነኝና አንደበቷን ቀምሼዋለሁ።

ታላቅ ወንድሟ ቡርሀን የፋብሪካ ኤሌክትሪሲያን ነው። በትርፍ ሰዓቱ በስልክ የሚጫወቱት ገበጣ ሠራ፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ይፋግ ወይም አንበሳሜ ሆኖ ይጋጠማሉ። ማን እንደሚጀምር ዕጣ የሚያወጣው ስልኩ ነው። ገበጣ ደግሞ ለጀማሪ ያደላል፤ ሌላው ሳይነቃ ጠጠሩን ይለቅምበታል። ናኢማ ዕጣ እየወጣላት አሸነፈች፤ አሁንም አሸነፈች። የቆላ ድባው እህል ነጋዴ አቶ ክንዱ በተሸነፉ ጊዜ፣ ተጫዋቹ ሁሉ በሚያነበው የቴሌግራም ቡድን ላይ «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ ሲባል እንሰማ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ዳኛው ወንድም ነው» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲያ ዓሣ ገዢው ሁሉ «ወንድምሽ ደህና ነው?» እያለ ይስቅባት ጀመር። ሰምታ እንዳልሰማች ብታልፈው ምን ነበረበት? አላለፈችውም። ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ቡርሀን በየተራ ይጀምሩ ብሎ ሞከረ። ሁሉም በጀመረበት እያሸነፈ አንድ አንድ ተሸናነፉና ክርክሩ ባሰ።

«አባታችን ዓሣ ሲካፈል እንዴት ነበር?» አለችው ናኢማ። «እንደዚያ አድርገው።»

ሐይቁ ላይ ሁለት ሰው አብሮ ሲያጠምድ አንዱ ዓሣውን ሁለት ቦታ ይደለድላል፤ ሌላው የወደደውን ድልድል ቀድሞ ያነሣል። አድልቶ የደለደለ የሚጎዳው ራሱን ነው። ቡርሀን ይህንኑ ጨዋታው ውስጥ አስገባው፤ አንዱ አንድ ጊዜ ተጫውቶ ይጀምራል፣ ሌላው ሰሌዳውን አይቶ ከፈለገ የጀማሪውን ወገን ይወስዳል፣ ካልፈለገ በራሱ ይቀጥላል።

ናኢማ አቶ ክንዱን ለግጥሚያ ጠራቻቸው። ጀማሪዋ እሷ ሆነች። ዓሣ የሚወርድበት ቦታ ላይ ከበብናት። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ምርጡን ብትጫወት ይወስዱባታል፤ መናኛውን ብትጫወት ይተዉላታል። ብዙ ቆይታ ዓይን የማይስብ ጉድጓድ ነካች። ሰውዬው ቆላ ድባ ሆነው ያስባሉ፤ እኛ እዚህ ስልኩ ላይ አፍጥጠናል። ቡርሀን ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

እህል ነጋዴ በጆንያው አፍ የሚታየውን አያምንም። ጥሩው ከሥር ተደብቋል ብለው ጠረጠሩ መሰለኝ፣ ወገኗን ወሰዱባት። ናኢማ በእሳቸው ወገን ቀጠለች። አንዴ እሳቸው፣ አንዴ እሷ እየለቀሙ ጠጠሩ ሳሳ። በመጨረሻ በጥቂት ጠጠር በለጠቻቸው። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁላችንም ቡድኑ ላይ ምን ይጻፍ ይሆን እያልን ስልካችንን እናያለን።

የናኢማ ስልክ ጠራ። አቶ ክንዱ ናቸው። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ምን እላለሁ ልጄ» አሉ። «ወገኑን የመረጥሁት እኔው፣ የተሸነፍሁትም እኔው። ወንድምሽ የለበትም።»

ድምፃቸው ጥርት ብሎ ነበር የተሰማው። ናኢማ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«አልሰማሁም ጋሼ» አለች። «እስቲ ይድገሙልኝ።»