«አላስቸግራችሁ» ያለው አስተማሪ

«ፀጉሬ እስኪሸብት አስተምሬ እዚህ ካርቶን ስደረድር ልቅር? በሩንስ ይዝጉብኝ፣ ግድ የለም! ግን አንዴ እንኳን አይለምኑኝም?»

ጋሼ ነው የሚጮኸው፣ የእናቴ ወንድም። ክራባቱን ሳይፈታ ጠባቧ ማድቤት መሀል ተገትሯል። ሚስቱ እትዬ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ መጥታ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላለች። እኔ ድንች እልጣለሁ።

«ስራ ፈላጊውም አንተ፣ ተለማኙም አንተ?» አለችው እትዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ አገር ቤት የሂሳብ አስተማሪ ነበር። እዚህ ከመጣን ወዲህ ቀን መጋዘን ይሰራል፣ ማታ ቋንቋ ይማራል። የትምህርት ማስረጃውን እስኪቀበሉት ድረስ አሳሩን በልቷል። በስንት መከራ አንድ ትምህርት ቤት ጠራው። ርዕሰ መምህሯ ደህና አድርጋ አነጋገረችውና በመጨረሻ፣ «ተማሪዎቹ ክፍል ናቸው። ገብተህ ትንሽ ብታስተምርልንስ?» አለችው።

ጋሼ ምን ቢል ጥሩ ነው? እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «አይ፣ አላስቸግራችሁ!»

ሴትዮዋም «እሺ፣ እናመሰግናለን» ብላ ሸኘችው። ዛሬ ደውለው «ለማስተማር ፍላጎት አላየንብህም» አሉት።

«እሺ አትልም ነበር?» አለች እትዬ።

«በመጀመሪያው እሺ ይባላል እንዴ? ስግብግብ አይሉኝም? አንዴ ‹በሞቴ› ቢሉኝ እኮ እስኪመሽ አስተምርላቸው ነበር!»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር በሞቴ የሚልህ የለም» አልኩት። «እዚህ ሰው የሚሞተውም በቀጠሮ ነው።»

እትዬ ሳቀች። እሱ ጭራሽ ባሰበት። እውነቱን ነው፣ የመምህራን ቅጥሩ ሊዘጋ ነው። ሐሙስ የሚጠብቀው ሌላ ትምህርት ቤት ካመለጠው ዓመቱን ሙሉ ከካርቶን ጋር ነው።

ድንቹን ትቼ የእትዬን መነጽር አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሰካሁ። ከንፈሬን አሹዬ ርዕሰ መምህሯን ሆንኩ።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ያስተምሩልናል?»

«አይ... ማለቴ... ካልከበዳችሁ...»

«ወደቁ! ይድገሙ! ያስተምሩልናል?»

«እናንተ እንዳላችሁ።»

«አሁንም ወደቁ!»

«አንቺ ከትምህርት ቤት ሮጠሽ የወጣሽው ነሽ እኔን የምትጥዪኝ?» ብሎ ጠረጴዛውን መታው።

«እንወራረድ! ሐሙስ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ካልክ የማታ ትምህርት እመዘገባለሁ። አይ ካልክ ግን ጢምህን ትላጫለህ።»

ጢሙን ዳበሰው። ከአገሩ ያመጣው ንብረት እሱ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም።

«ይሁን! ደብተርሽን ግዢ» አለ። እትዬ ምስክር ሆነች።

ሐሙስ አብሬው ሄድኩ። የልጆች ሥዕል የተለጠፈበት ኮሪደር ላይ፣ ለልጅ በተሰራች ትንሽዬ ወንበር ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። አፉ ደርቆ ከንፈሩን ይልሳል። ጸሐፊዋ ብቅ አለችና፣ «ውሃ ላምጣልህ?» አለችው።

እጁ ሄዶ ደረቱ ላይ ልጥፍ! «አይ፣ አትቸገሪ!»

ሄደች። አልመለሰችም።

እኔ በጣቴ አየሩን ላጭ ላጭ አደረግኩ።

«ውሃ አይቆጠርም!» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

«የመጀመሪያ ጥያቄ ተባብለናል። ይሄ ጥያቄ አይደለም?»

«ውርርዱ ስለ ማስተማር ነው! አንቺ ደረቅ!»

«እትዬ ትፍረደን!»

«እትዬ የአንቺ ወገን ናት!»

ስሙን ጠሩት። ኮቱን አስተካክሎ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ በኩል ሶስት ሰዎች ተቀምጠው አየሁ። ድምፅ አይሰማም። ትንሽ አወሩ፣ አንዷ ወደ ማዶ ክፍል እያመለከተች የሆነ ነገር ጠየቀችው።

ጋሼ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና አንገቱን ሰበር አደረገ።

እሱ እንደሆነ እሺ ሲልም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።