በቆርኪ ማት

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ቢቸና ውስጥ የትም ሲገቡ ሰው ተነሥቶ ቦታ ይለቅላቸዋል። እኔ ግን ቼዝ ሲጫወቱ ስላየኋቸው ያን ያህል አልፈራቸውም። ፈረስ ሲበላባቸው በቅዳሴ የማይሰማ ቃል ያወጣሉ።

ሞጣ በአዋላጅ ነርስነት ሥራ ሳገኝ "አትሄጅም" አሉ። ለመንሁ፤ አኮረፍሁ፤ እናቴን አማላጅ ላክሁ። በመጨረሻ ሰሌዳውን አምጥተው ከፊቴ ዘረጉ። ለእርሳቸው ንጉሥ ብቻ፣ ለእኔ ንጉሥና አንድ ግንብ። እሑድ በዚህ ንጉሣቸውን መውጫ አሳጥቼ ማት ካደረግኋቸው እሄዳለሁ፤ ካልሆነ ወሬው በዚያው ይዘጋል። ግንቡም ግንብ አልነበረም፤ እውነተኛው ስለጠፋ በምትኩ የለስላሳ ቆርኪ ነበር የምናስቀምጠው።

የፈቀዱልኝ መስሎኝ ፈነደቅሁ። ግንብ ግትር ፍጥረት ነው፤ መንገዱ እስካልተዘጋ ድረስ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይነዳል፤ ሰያፍ አያውቅም። እስቲ እንሞክረው ብለን ተቀመጥን። ቼክ አልሁ። ንጉሣቸውን ከቆርኪው መንገድ ፈቀቅ አደረጉ። ደግሜ ቼክ አልሁ። አሁንም ፈቀቅ። ዜማ እያንጎራጎሩ ሰሌዳውን እንደ ገዛ ግቢያቸው ዞሩት፤ እኔ ቆርኪዬን ይዤ ከኋላ ከኋላ። እንደማልችል አውቀው ነበር የፈረዱልኝ። ተናደድሁ።

የገበያ ቀን ከሞጣ ጨርቅ ይዘው ለሚመጡት ነጋዴ ብሶቴን ነገርኋቸው። የአባቴ የቼዝ ባላንጣ ናቸው። ሰላታቸውን ሰግደው እንደተመለሱ ካሬ ካሬ ያለውን ጨርቅ ዘርግተው የሸሚዝ ቁልፎች ደረደሩበት።

"ቼክ ቼክ ማለቱን ተይው፣ ልጄ" አሉኝ። "ግንቡ መንገድ ይዝጋ። የራስሽ ንጉሥ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ካልሄደ አባትሽ እስከ ፋሲካ ሲዞሩ ይኖራሉ።"

እውነታቸውን ነው፤ ንጉሤን ነቅንቄው አላውቅም ነበር።

እሑድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመክራል። እኔ ቆርኪውን አስቀምጬ መንገድ ዘጋሁና ቼክ ማለቱን ተውሁ። የአባየ ዜማ ቆመ። ንጉሤ ተጠጋ። ሁለቱ ንጉሦች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ቆርኪው ከጎን ቼክ አለ፤ አንድ መስመር ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እንዲህ እንዲህ እያልን ጠርዝ ላይ ደረሱ። እዚያም ንጉሤ ከፊታቸው ቆሞ፣ ቆርኪው በጠርዙ መጥቶ፣ መግቢያ መውጫ አጡ። "ማት" አልሁ፤ ቀስ ብዬ፣ መሪጌታ ናቸውና።

አንድም ክፉ ቃል አላወጡም። ጎረቤቱ ሁሉ "ለቀቁላት" አለ። ይኸ ነገር እንደ እሾህ ወጋኝ።

መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ይዘው ሸኙኝ። ሆን ብለው ተሸንፈውልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"መልቀቅ ብፈልግ አፍ አለኝ፤ ሂጅ እልሽ ነበር" አሉ። "እንዳትሄጅብኝ የማውቀውን ሁሉ ተጫወትሁ። አሸነፍሽኝ።"

ሻንጣውን አስጭነው ዞር ሳይሉ ሄዱ። እስከ ሞጣ አለቀስሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ መኪና ያመመኝ መስሎት ፌስታል አቀበለኝ።