የአህያዋ በርና የፅጌ ክርን

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነበር፤ የማታው ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። አያቴን ሰፈሩ ጋሽ ቶላ ይላቸዋል፤ እኛ አባባ ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፉርጎ ከፉርጎ ሲያያይዙ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ወጌሻ ሆኑ። አንጓው ወለም ያለው የጣቢያ ተሸካሚ፣ ጉልበቱ የዞረበት የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ኳስ ተጫዋች፣ ሁሉም አመሻሽ ላይ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። ያኔ እኛ ልጆች ወደ ጓሮ እንሰደዳለን፤ የሚሰማን ድምፅ ብቻ ነበር።

«ቀስ ይበሉ እንጂ ጋሽ ቶላ፣ እኔ ፉርጎ አይደለሁም!»

«ፉርጎማ ብትሆን መቼ እንዲህ ትጮህ ነበር።»

ታካሚው ሲሄድ ወደ ቤት እንመለሳለን። አባባ ፍሙን ጫር ጫር አድርገው፣ ከባቡር ሥራቸው የቀረላቸውን ፋኖስ ዝቅ አድርገው ተረት ይነግሩን ነበር፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው ተረቱ ሳያልቅ ማናችንም አንነሣም። አባባ የጀመሩትን ይጨርሳሉ። እኔም ይህን አምን ነበር።

አንድ ቀን ሐዲዱን ስሻገር እንጨቱ አደናቀፈኝና በትከሻዬ ወደቅሁ፤ ትከሻዬ ወለቀ። አባባ ቅቤ ቀብተው እያሹኝ፣ «ተረቱ እስኪያልቅ ምንም አላደርግሽም» አሉኝ። ብቻዋን ቤት ሠርታ ስለምትኖር አህያ ነገሩኝ። በዝናብ ጅብ መጥቶ በሯን ያንኳኳል። ድምፃቸው ዝቅ እያለ ሲሄድ እኔም ሕመሜን ረስቼ ጠጋ አልኩ። አህያዋ «ማነው?» አለች። ልክ ያኔ ክንዴን ሳብ አደረጉት። ቋ አለ፤ ትከሻዬ ገባ።

ያለቀስኩት ከሕመሙ ይልቅ ስለዋሹኝ ነበር። አባባ አባበሉኝ። «ትከሻ ሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና ነው፤ ወደ ሁሉም ይዞራል፣ በቀላሉም ይወጣል። ክርን ደግሞ እንደ በር ማጠፊያ በአንድ በኩል ብቻ ይታጠፋል። ሁለቱንም ሥጋው ደንግጦ ከጨበጣቸው አይመለሱም። ለዚህ ነው ጆሮሽን የያዝኩት ልጄ፤ ሥጋሽ እንዲረሳ።» ቃላቸውን ሰማሁ እንጂ ልቤ አልተቀበለውም። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ተረት ሲጀምሩ እኔ ግድግዳውን ነበር የማየው።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ጓደኛዬ ፅጌ ከቆመ ፉርጎ ላይ ስትዘል ክርኗ ወለቀ። እናቷ እትዬ በላይነሽ አዝላ አመጣቻት። አባባ ፋኖሱን እንድይዝላቸው እኔን አስቀሩኝ፤ እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ፣ እትዬ በላይነሽም ቅቤውን ልታቀብላቸው ስትከተል፣ ወደ ፅጌ ጆሮ ጎንበስ አልኩ።

«ፅጌ፣ የሚነግሩሽ የአህያ ተረት ውሸት ነው። አህያዋ ‹ማነው?› ስትል ይስቡሻል፤ ተዘጋጂ።»

እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባት ያዳንኳት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አባባን ልበቀላቸውም ፈልጌ ነበር።

ተረቱ ተጀመረ። ፅጌ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ዝናቡ ዘነበ፣ ጅቡ አንኳኳ፣ አህያዋ «ማነው?» አለች፤ ፅጌም መላ ሰውነቷን እንደ እንጨት አደረቀች። የአባባ እጅ ግን መሳብ ጀምሮ ነበር። ቋ አላለም። እርጥብ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ልጇን ነጥቃ አቀፈቻት። «የልጄ ክንድ ፉርጎ መሰለዎት ጋሽ ቶላ? እኛ እኮ አምነንዎት ነው የመጣነው» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

አባባ እጃቸውን አገላብጠው ተመለከቱት። «እጄ ከዳኝ» አሉ።

ፋኖሱን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። የከዳቸው እጃቸው እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ፅጌም አልተናገረችም፤ ምናልባት የነገርኳት ነገር ምን እንዳደረሰባት አታውቅም ነበር። ስብራቱ ሐኪም ቤት ተጠገነ፤ ክርኗ ግን ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አያውቅም። እኛም ቤት ሰው መምጣቱን ተወ። አባባ የቅቤውን ቅል አጥበው ጣራው ሥር ሰቀሉት፤ ማታ ማታ እጃቸውን በፍሙ ላይ ዘርግተው ይቀመጡ ጀመር።

አንድ ምሽት ልነግራቸው ቆርጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አባባ፣ ጅቡ ምን አለ?»

ፍሙን ጫር አድርገው፣ «እንጃ ልጄ፣ እዚያ ደርሼ አላውቅም» አሉኝ።

ሳልነግራቸው ሞቱ። ዛሬ የሳይንስ መምህር ነኝ፤ በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ትከሻ፣ ክርንና ጉልበት እሥላለሁ፣ የደነገጠ ጡንቻ መገጣጠሚያን እንዴት እንደሚቆልፍ ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ። ክርኑ ላይ ስደርስ ጠመኔው በእጄ ይከብደኛል። ይህን መጻፍ ራሱ ያሳፍረኛል። ያቺ አህያ ግን እስካሁን ከበሯ ጀርባ ቆማ «ማነው?» ትለኛለች፤ ያኔ በፍሙ ዳር ለአባባ ልላቸው የሚገባኝ «እኔ ነኝ» ብቻ ነበር።