ደለሉን መልሱት

ከመስኖ ሥራ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ እግሬ አላርፍ ብሎኝ፣ ከባሕር ዳር ሚኒባስ እየተሳፈርሁ ከሐሙሲት በታች ወዳለች መንደር እመላለስ ነበር። ለምን ሲሉኝ ምክር ልሰጥ እላለሁ። ምክሬን የፈለገ ሰው እንደሌለ ግን ጉልበቴም ያውቃል። የምሄደው ለአንድ ወዳጄ ነው። የመንደሩ የውኃ አባት ነበር፤ ውኃውን በየተራ ያካፍላል፣ ተራ ያዛባውንም በስድብ ያጥባል። እኔ በወጣትነቴ ስለ ቦይ ስፋት በሰሌዳ ሳስተምር ከኋላ ተቀምጦ «ይኼ ሰውዬ ውኃ አይቶ ያውቃል?» ይል ነበር። አይቻለሁ፤ በብርጭቆ።

ባለፈው በጋ ታመመ። ሆዱ አበጠ፤ ከሆስፒታል «ቤቱ ይረፍ» ብለው መለሱት። ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገባን፤ እሱም ገባው። ነገሩ የሆነው በቦይ ጠረጋ ሰሞን ነው። ደንቡ፣ እያንዳንዱ ገበሬ በማሳው ራስጌ የሚያልፈውን ቦይ በገዛ እጁ ይጥረግ፣ ያልጠረገ ተራ የለውም የሚል ነው። ያጸናው ራሱ ነው። ማሳው ላይ ደግሞ ራስ መቋጠር የጀመረ ሽንኩርት አለ፤ ከሱ በኋላ ለባለቤቱ የሚተርፋት ያ ሽንኩርት ብቻ ነበር። ተራው ካለፈው ይደርቃል።

ጎረቤቶቹ ተማከሩና አንድ ጠዋት ድርሻውን ጠረጉለት። እኔም አካፋ ያዝሁ፤ ከጠረግሁበት ይልቅ የተደገፍሁበት ይበዛል። ስንጨርስ ብሥራቱን እንድነግረው እኔ ተላክሁ። ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ለቅሶዬ መቼ ነበር?» አለኝ።

ያን ጊዜ ደነገጥሁ። በዚያ አገር ጎረቤት የሰው ቦይ የሚጠርገው ሐዘን የገባበት ቤት ሲሆን ብቻ ነው። ሁላችንም ለተራው ስንጨነቅ ልማዱን ዘንግተን ሰውዬውን በቁሙ ቀበርነው።

ይቅርታ ብጠይቀው ሊሰማኝ አልፈለገም።

«ደለሉን መልሱት» አለ። «እኔ አወጣዋለሁ።»

መለስነው። ዕድሜ ልኬን «ደለል አውጡ» እያልሁ ደመወዝ የበላሁ ሰው፣ በስተርጅና ጭቃ እያፈስሁ ንጹሕ ቦይ ስደፍን ዋልሁ። አንዱ ጎልማሳ «ጋሼ፣ ለዚህስ ሥልጠና አለው?» ሲለኝ ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ወዲያው ሞተ።

በማግስቱ ባለቤቱና ወንድሙ ደግፈው አመጡት። ዶማውን አነሣ፣ ጫር ጫር አደረገና ተቀመጠ። ደግሞ ተነሥቶ ጫረ። ባለቤቱ ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ በዐይኑ መለሳት። የኛ ሥራ ዳር ቆሞ ማየት ሆነ። ከግርጌ ያሉት ገበሬዎች ውኃቸው ሲዘገይባቸው አንድም ያጉረመረመ የለም። እኩሌታውን እንኳ ሳይጨርስ ጉልበቱ አለቀ።

«ይበቃል፤ በጠረግሁት ልክ ይግባ፤ ክፈቱ» አለ።

ውኃው በደለሉ ላይ እየተሳበ ቀጥኖ ገባ። የራስጌውን መደብ አረጠበ፤ ወደ ግርጌው ሳይደርስ ተራው አለቀ። ትንሽ ይቆይለት ያሉ ነበሩ፤ እሱ እንቢ አለ። ተራ ተራ ነው ብሎ ቦዩን አስዘጋ፤ ደግፈው ወደ ቤቱ ወሰዱት።

የሚቀጥለው ተራ ሳይደርስ ዐረፈ። አሁን ቦዩን በደንቡ ጠረግንለት። ውኃው ሞልቶ መጥቶ ማሳውን ሁሉ አዳረሰ፤ የግርጌው ሽንኩርት ግን ቀድሞ ደርቆ ነበር።

ሽንኩርቱ በሚነሣበት ቀን ሄድሁ። የራስጌው መደብ ጥሩ ራስ ይዟል። ከዚያ በታች ባዶ መሬት ነው፤ ድንበሩ በገመድ የተሰመረ ይመስላል። ባለቤቱ ጥቁሯን ለብሳ ትቆፍራለች። ልረዳት ጎንበስ ስል፣ ወገብዎን ሰብረው ሌላ ሥራ እንዳይጨምሩብኝ ብላ አስቀመጠችኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥሁ። በጆንያ እየሞላች እስከ ድንበሩ ደረሰች፤ ቀና ብላ ባዶውን መሬት አየችው።

«እስከዚህ አደረሰኝ» አለች።