የአማቼና የፀሐይ ውል

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ ግን «ግማሹ» ይለዋል። መብራት ስንቴ ጉድ ሠርቶታል መሰላችሁ! ማሽኑ እጁ ላይ ቀጥ ይልና የሰውየው ጭንቅላት ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ጎፍሮ ይቀራል። በመቀስ ልጨርስ ሲል ደግሞ አይጥ የበላው ያስመስለዋል። ከፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቤት ጄኔሬተር ሲያስገባማ ደንበኞቹ አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገሩ። እሱም ባዶ ወንበሩን እያሽከረከረ በመስኮት ያያቸዋል። አንጀቴን የበላኝ ያ ወንበር ነው።

አንድ ቀን አሮጌ የሶላር ሰሌዳዎች ተሸክሞ መጣ።

«እማማ፣ ከእንግዲህ የምዋዋለው ከፀሐይ ጋር ነው» አለኝ።

«ፀሐይስ መዋዋሏን ታውቃለች?» አልኩት።

መጀመሪያ የሠራው ባርኔጣ ነበር። ከተበላሸ ኮምፒውተር የነቀላትን ትንሽ ማራገቢያ ግንባሩ ላይ ሰካ፣ አናቱ ላይ መዳፍ የምታህል ሶላር ለጠፈ። ማራገቢያዋ ፀሐይ ስታገኝ ትዞራለች፣ ጥላ ስትገባ ትቆማለች። አማቼም ነፋስ እንዲመታው ብሎ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ይውላል። ቀጥሎ ለዶሮዎቹ መብራት ሠራላቸው። ዶሮዎቹ እንቅልፍ አጡ፤ እኛም አብረን አጣን። ልጄ ግን አንድም ቀን አልሳቀችበትም። ባሏ የነካው ሁሉ ለእሷ ወርቅ ነው።

ሦስተኛው ሥራው ቁም ነገር ሆነ። ትልቁን ሰሌዳ ጣራው ላይ አስሮ፣ ሽቦውን በመስኮት አስገብቶ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘው። የፀጉር ማሽኑን ሰካው፤ እንደ ንብ እምምም አለ። በሩ ላይ በትልልቁ «እዚህ መብራት አይጠፋም» ብሎ ጻፈ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩትና፣ «ልጄ፣ በእርሳስ ብትጽፈው አይሻልም ነበር?» አልኩት።

ጽሑፉን ጎረቤታችን ሾፌሩም አየው። «ግማሹ» የሚለውን ስም ያወጣለትም፣ መንገዱን መጀመሪያ የተሻገረውም እሱ ነው።

«እሺ ግማሹ» አለው። «ልጄ እሑድ ያገባል። ሙሽራውን አንተ ጋ አመጣዋለሁ። ሙሉውን ከቆረጥከው ቤተሰቤን ይዤ እመለሳለሁ። ግማሽ ካስቀረኸው ግን ይህን በር ዝጋው።»

«እዘጋዋለሁ» አለ አማቼ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሙሽራው ወንበሩ ላይ ተሰየመ። ሚዜዎቹ በሩን ሞሉት። አንዱ ጎን እንዳለቀ መብራት ሄደ። አማቼ የሚጠብቃት ይህችኑ ነበር፤ ፈገግ ብሎ ገመዱን ነቀለና ባትሪው ላይ ሰካው። ማሽኑ እምም አለ፣ አቃሰተ፣ ዝም አለ።

«ግማሹ!» ብለው ሚዜዎቹ ፈነዱ።

«አባዬ፣ እኔ እንዲህ ሆኜ አላገባም» አለ ሙሽራው።

«ታገባለህ፤ ፎቶውን በዚህ ጎን ትነሳለህ» አለ ሾፌሩ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

አማቼ ሽቦውን ነካካ፣ ባትሪውን መታ መታ አደረገ። «ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቷል፣ ምን ነካው?» ይላል። እኔ ልጄን አየኋት። የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ያደረገች ቀን እንዲህ ነች።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ምንም፤ እንግዳ ይመጣል ብዬ ሰሞኑን አለበስኩት እንጂ።»

ሁላችንም ወጥተን ወደ ጣራው አንጋጠጥን። በእኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ውድ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ለብሰዋል። ሰሌዳውም ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ ዘርፉን አንዠርግጎ፣ ከሙሽሪት ቀድሞ ሙሽራ ሆኗል።

«ፀሐይ እንዳታበላሽብህ ብዬ ነው» አለችው ለባሏ።

ሊቆጣ ነው ብዬ መሃላቸው ገባሁ። እሱ ግን አሁንም ወደ ላይ እያየ፣ «አበባዎቹን ራስሽ ነሽ የሠራሻቸው?» አላት።

«አዎ።»

«ያምራሉ» አለና መሰላል አምጡ ብሎ ጮኸ።

ባትሪው እስኪሞላ ሙሽሪት አትጠብቅም። ሰሌዳውን አወረደ፣ ወንበሩን መንገድ ዳር አወጣ፣ ማሽኑን ቀጥታ ከሰሌዳው ጋር አገናኘ። ሰሌዳውን የታቀፈው ሾፌሩ ነው። ሚዜዎቹ «ወደ ግራ! ትንሽ ቀና! ኧረ ጋሼ፣ ጥላዎ!» እያሉ ዕድሜውን ሙሉ ሰው የነዳውን ሰውዬ ሲነዱት ቆዩ። ሰሌዳው ላይ የሰው ጥላ ሲያርፍ ማሽኑ ያዛጋል፣ ፀሐይ ስትመለስ ይሮጣል። አማቼ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ማራገቢያዋ ግንባሩ ላይ እየዞረች፣ ላብ ሳይነካው ይቆርጣል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ደንበኞች ፊታቸው ላይ አረፋ እንደያዙ ወጥተው አዩ።

ሙሽራው ራሱን በሁለት እጁ ዳበሰ። ሙሉ ነው። ሾፌሩ የተቆረጠውን ፀጉር እንኳ ሳያራግፍ ልጁ የተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«በል ቀጥል» አለ።

«ጋሼ፣ ሰሌዳውን ማን ይያዝልን?»

«ሙሽራው ይያዛ!»

ዳንቴሉን አማቼ አጣጥፎ ባትሪውን አለበሰው። ልጄ ደግሞ ለሰሌዳው ሌላ ጀምራለች፤ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው አለችኝ። ለእሱ እስካሁን አልነገርኩትም።