የማራኪ ጫጫታ በጃናሞራ

ማክሰኞ ጧት፣ ማራኪ

ከቤቴ ስወጣ ሰፈሩ ገና አልነቃም ነበር። አንድ የሚኒባስ ረዳት ብቻ «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ለባዶው መንገድ ይጮሃል። ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ነው። ከዚያ በተጨማሪ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ኮሚቴዎችን አሠለጥናለሁ። ኮሚቴዎቹ የልጆቹ ትምህርት ከዓመት ዓመት እንዲሻሻል አብረው የሚያቅዱ መምህራንና ወላጆች ናቸው። ዘንድሮ ከመጡልን ዕቅዶች መካከል፣ ከጃናሞራዋ ከተማ ከመካነ ብርሃን አንድ ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ትምህርት ቤት የተላከው ሁላችንንም አስደነቀን። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ አንድ ገጽ ያለ ስህተት ያነባሉ ይላል። ሄጄ በዓይኔ አይቼ ለሌሎች አርአያ አድርጌ እንዳቀርበው ተወሰነ። እውነቱን ለመናገር፣ ያነበብሁት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር። ሌላውን መንገድ ላይ እጨርሰዋለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ኮሶዬ

ኮሶዬ ስንደርስ ጉም መንገዱን ውጦታል። ሾፌሩ ለቁርስ አቆመልን። አንዲት ሴት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች፤ ሳህኑ ሠላሳ ብር። ትኩሱን ድንች በሁለት እጄ ይዤ ስሞቅበት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ወዴት ነሽ?»

«ጃናሞራ።»

«በዚህች ስስ ሹራብ? ምነው፣ የሚመክርሽ ሰው ጠፋ?»

ሳቅሁ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር። ሚኒባሱ ሲነሳ ዕቅዱን አወጣሁና ሁለት መስመር ሳላነብ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ይሁን በእውኔ እንጃ፣ የገብስ ማሳ ከጉሙ ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። ደባርቅ ላይ ስነቃ ወረቀቱ እግሬ ሥር ወድቋል። እዚያው አደርሁ።

ረቡዕ፣ ደመናው ውስጥ

ከደባርቅ የተነሳው አውቶቡስ በብሔራዊ ፓርኩ በኩል ሲወጣ፣ ደመናው መጀመሪያ ከላያችን ነበር፤ ከዚያ አጠገባችን ሆነ፤ በኋላ ከታች ቀረ። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ገደሉ ጫፍ ላይ ሰው መስለው ቆመዋል። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣሩን እየነጨ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። ይህን ሁሉ ትቼ ወረቀት ማንበብ ነውር መሰለኝ፤ ቢሆንም አነበብሁ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለተማሪዎች ውጤት ቀዳሚው ሥጋት፣ በትምህርት ቤቱ ደጅ የሚያልፉ ሚኒባሶችና ባጃጆች ጫጫታ ነው።»

ቀና ብዬ በመስኮት አየሁ። ገደል፣ ነፋስ፣ ደመና። አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ «አያ፣ በዚህ መንገድ ሚኒባስ ብዙ ያልፋል?» አልኋቸው።

«ሚኒባስ? ይኸ የተሳፈርንበት ካለፈ ተመስገን ነው።»

ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነበር። ማራኪ፣ ኪራይ ቤቴ ውስጥ፣ ረዳቶቹ ከመስኮቴ ሥር እየጮሁ ለሥልጠና የጻፍሁት ናሙና ዕቅድ ነው። ገጽ በገጽ ሳገላብጠው ከትምህርት ቤቱ ስምና ከንባቡ ውጤት በቀር ሁሉም የእኔ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቆይቶ አፈርሁ። አርአያ ፍለጋ ሁለት ቀን ተጉዤ ያገኘሁት ራሴን ነው።

ሐሙስ፣ ትምህርት ቤቱ

ርዕሰ መምህሩ አስማረ የደባርቅ ልጅ ነው፤ ወጣት፣ ትሑት። ሰላምታው እንዳለቀ «ሚኒባሶቹ የት አሉ?» አልሁት። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እርስዎ የጻፉት ስለሆነ ነው። እንዳንሳሳት ብለን።»

ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ግን ሥልጠናው ላይ «ይህን አርአያ አድርጉ» ያልሁት እኔው ነኝ።

«ንባቡስ?»

«ንባቡ የራሳችን ነው» አለ ፊቱ እየበራ። «ይግቡና ይስሙ።»

አራተኛ ክፍል ጨለማ ነበር። የቆርቆሮ መስኮቶቹ ተዘግተው፣ ክፍተቱ ሁሉ በገለባ ተወትፏል። ውጭ ያለው ነፋስ አጥንት ይበሳልና አልፈረድሁባቸውም። ከጨለማው ውስጥ የልጆቹ ድምፅ በአንድነት ይነሳል፤ ይወርዳል። ስለ አንድ ወንዝ የሚያወራ ምንባብ ነው። በጣም ያምር ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ብከፍተውም ለውጥ የለውም።

በሩ ላይ የወላጆች ተወካይ አያ ሞላ ቆመዋል። ልጃቸው የሺ እዚህ ክፍል ናት። ከርሞ አምስተኛ ክፍልን መካነ ብርሃን እንድትማር ዘመድ ሁሉ እየተቃወማቸው ወስነዋል።

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም» አሉኝ። «እሷ ግን እራት ስንበላ ታነብልኛለች። ሸጋ አድርጋ!»

የሺ ተነሥታ አነበበች። አንድ ቃል አልሳተችም። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግን መጽሐፏ የተገለጠው ሌላ ገጽ ላይ መሆኑን አየሁ። ወደ በሩ ብርሃን አመጣኋትና «እስቲ ይኸን የተገለጠውን» አልኋት። ወደ ገጹ አጎነበሰች። ከዚያ ስለ ወንዙ እንደገና ጀመረች።

«ይኸማ የቅድሙ ነው» አሉ አያ ሞላ። ቀጣዩን መስመር ራሳቸው አሉት፤ የሚቀጥለውንም። በየማታው ሰምተውት በቃላቸው ይዘውታል። ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፃቸው ቆመ። ልጃቸውን አዩ።

«አባዬ፣ በጨለማው ሰሌዳው አይታየኝም» አለች የሺ። «ሰምቼ ነው።»

ልቤ ተሰበረ። ሌሎቹንም አዲስ ገጽ ሰጠናቸው፤ ከጥቂቶች በቀር ያነበበ የለም።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ተቀመጠ። አስማረ እስክሪብቶውን ይዞ አይጽፍም።

«እውነቱን ከጻፍን ደረጃችን ይወርዳል» አለ። «አርአያ መባሉም ይቀራል።»

እኔም ባዶ እጄን መመለሴ ታሰበኝ። የተናገሩት አያ ሞላ ናቸው።

«ጻፈው። የሞላ ልጅ ማንበብ አትችልም ብለህ ጻፈው። በፊተኛው ወረቀት ላይ ምን እንደሚል ሳላውቅ ጣቴን አትሜ የለም? ይኸን አውቀዋለሁ። ይኸን አላትምም?»

አስማረ ጻፈ። ዕቅዱ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ፀሐይ ባለ ቀን ንባብ በደጅ ይሆናል። ወላጆች ከመስኮቶቹ አንዱን አውጥተው ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ይሸፍኑታል። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ አይቶት የማያውቀውን ገጽ ያነባል፤ ኮሚቴውም ያንን ሰምቶ ለሚቀጥለው ሳምንት ምን መለወጥ እንዳለበት ይመክራል። አያ ሞላ ጣታቸውን አጥቅሰው አተሙ። ስሰናበታቸው ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው የመስኮቱን ገለባ እየነቀሉ ነበር።

ማራኪ

ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሪፖርቴ ላይ «አርአያ አላገኘሁም፤ የተቀዳው ናሙና የእኔ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ናሙናውን ከኮምፒውተሬ አጠፋሁ። በሚቀጥለው ሥልጠና ለኮሚቴዎቹ የምሰጠው ባዶ ወረቀት ነው፤ መጀመሪያ ክፍላቸው ገብተው እንዲቀመጡም እነግራቸዋለሁ። እኔ ራሴ አንድም ክፍል ሳልገባ ዕቅድ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የሰፈሬን ጫጫታ ነፋስ ብቻ ወዳለበት አገር የላክሁት በዚህ ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ ስልኬ ጮኸ። አስማረ ነው።

«የሺ ከአዲስ ገጽ ሦስት ቃል አነበበች» አለኝ።

ሦስት ቃል። በፊተኛው ዕቅድ ሙሉ ገጽ ነበር። ከመስኮቴ ሥር ረዳቱ ስለሚጮህ በጣቴ አንዱን ጆሮዬን ደፈንሁ። አስማረ ገና ሳይጨርስ ስልኩን ከእጁ ነጠቁት።

«ልጄ!» አሉ አያ ሞላ። «ሦስቱንም ቃል ከዚህ በፊት ከእሷ አፍ ሰምቻቸው አላውቅም!»